ክረምቱን ሙሉ የተፈታው ሚክሰር

አባቴ የተበላሸ ዕቃ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚመረምረው ዕቃውን ሳይሆን ባለቤቱን ነበር። «ሲቆም ምን ላይ ነበራችሁ?» ይላል። «ልጅ ነካክቶት ነው? ውሃ ፈሶበት ነው? ወይስ ተጣልታችሁ ወርውራችሁታል?» ሰው መቼም ይዋሻል። አባቴም ዋሽቶ እስኪጨርስ በትዕግሥት ይጠብቀዋል። ከዚያ ሬዲዮውን ገልብጦ ክዳኑን ይፈታና፣ ውስጡ የደረቀ ሻይ ሲያገኝ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በጥጥ ይጠርገዋል። ባለቤቱ አንገቱን ይደፋል። እኔ ደግሞ ከጀርባው፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጬ፣ በዓለም ላይ ከአባቴ የሚበልጥ ሰው እንደሌለ አረጋግጣለሁ።

ስሙ ጋሮማ ነው። ሱቁ ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ክረምት ላይ ደጃፏ ጭቃ፣ ውስጧ የቀለጠ የብየዳ ሊድና የጋለ ፕላስቲክ ይሸታል። ያ ሽታ እስካሁን ባለፍኩበት ካገኘኝ ቆም እላለሁ። አባቴ እዚያው ቡራዩ ተወልዶ ያደገ ኦሮሞ ነው። እናቴ ገነት ከምባታ ናት፤ ፋብሪካ ልትሠራ ከዱራሜ መጥታ ቡራዩ ቀረች። የተገናኙት ቸርች ውስጥ ነው፤ እሷ ስትዘምር፣ እሱ የድምፅ ዕቃውን ሲያስተካክል። «ድምፄን አስተካክሎ ልቤን አበላሸው» ትላለች እናቴ፣ ሰው ፊት ልታሳፍረው ስትፈልግ። እሱም በደንብ ያፍራል።

በዚያ ክረምት ለሁለት ልትከፈል የነበረችው ያችው የተገናኙባት ቸርች ናት።

እኔ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። ትልልቆቹ የሚያወሩትን ግማሹን እሰማለሁ፤ የሰማሁትንም ግማሹን ነው የማውቀው። አሁን ሳስበው ጠቡ የቋንቋ ይምሰል እንጂ የሰዓት ነበር። ስብከቱ በአንዱ ቋንቋ ተሰብኮ በሌላው ሲተረጎም የአንድ ሰዓቱ ነገር ሁለት ሰዓት ይሆናል። ከደቡብ የመጡት የፋብሪካ ሠራተኞች የእሑድ ፈረቃ ስላለባቸው ይቸኩላሉ። የአገሬው ሰዎች ደግሞ በገዛ ቀያቸው ተርጓሚ ጠባቂ መሆን መሯቸዋል። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ እንዲህ ያለው ጠብ ደግሞ ነው የሚያስቸግረው። መጀመሪያ ፕሮግራሙን ከፈሉት፤ ጠዋት በኦሮምኛ፣ ረፋድ ላይ በአማርኛ። የጠዋቱ ሲረዝም የረፋዱ ሰው ዝናብ እየመታው ደጅ ይቆማል። ቆሞም ያጉረመርማል። በመጨረሻ የአማርኛዎቹ የራሳቸውን አዳራሽ ተከራይተው ሊወጡ ወሰኑ።

የሚወጡት ሰዎች መሪ ጋሽ ሶያማ ነበሩ። ቁመተ ረጅም፣ ኮታቸው ላይ ሁልጊዜ እስክሪብቶ የማይጠፋ አዛውንት ናቸው። እናቴን ሲድሯት በአባቷ ቦታ የቆሙት እሳቸው ስለሆኑ፣ እሳቸው ሲወጡ እናቴ አለመውጣት አትችልም። አባቴ ደግሞ እናቱና ወንድሞቹ ያሉበትን ትቶ አይወጣም። አንድ ቀን እራት ላይ አባቴ ጉርሻውን በእጁ ይዞ፣

«ሳምሪስ?» አለ፣ ወደ እኔ እያየ።

«እሷ ትምረጥ» አለች እናቴ።

ሊፋቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፍቺ በሐሳባቸው እንኳን እንዳልነበረ፣ የሚያወሩት እሑድ ከማን ጋር እንደምሄድ እንደነበረ አሁን አውቃለሁ። ግን እናቴን በቅርቡ ስጠይቃት፣ «እሑድን የተካፈለ ቤት ሰኞንም መካፈሉ አይቀርም ብዬ እፈራ ነበር» አለችኝ። ስለዚህ ያን ያህልም አልተሳሳትኩም።

የቸርቿን ንብረት በሰላም ተካፍለዋል፤ አዳራሹና ወንበሮቹ ለሚቀሩት፣ የድምፅ ማቀላቀያው ሚክሰርና ስፒከሮቹ ለሚሄዱት። የሚሄዱት የተከራዩት የድሮ የእህል መጋዘን ነው፤ አስፋልቱ አፍ ላይ። የአምቦ መንገድ የጭነት መኪና ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ያለ ድምፅ ማጉያ እዚያ ውስጥ ሰባኪ ቢጮህ የሚሰማው ራሱን ብቻ ነው።

ሚክሰሩ የተበላሸው በዚህ መሀል ነው። ጫፉ ላይ የማይክና የኪቦርድ ገመድ የሚሰካባቸው ጃኮች ተደርድረዋል። የጠዋቱ ኪቦርድ መቺ ሲጨርስ ተናዶ ገመዱን ይነጭቀዋል፤ የረፋዱ ደግሞ ተናዶ ይወትፈዋል። አንድ እሑድ፣ መዝሙር መሀል፣ ያ ጃክ ተንጣጣና ጸጥ አለ። ጠዋቶቹ በረፋዶቹ አመካኙ፤ ረፋዶቹም በጠዋቶቹ። እንግዲህ ይህ ደግሞ ለመለያየቱ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ሆነ።

ጋሽ ሶያማ ሚክሰሩን በዝናብ ልብስ ጠቅልለው ወደ ሱቅ ይዘውት መጡ።

«ወንድም ጋሮማ፣ አንድ ጃክ ናት» አሉ። «እሑድ በአዲሱ አዳራሽ አምልኮ አለን። እስከዚያ አድርሳት።»

አባቴ እንደ ልማዱ ባለቤቱን ጠየቀ። «ጋሽ ሶያማ፣ ሲቆም ምን ላይ ነበራችሁ?»

ጋሽ ሶያማ ቀና ብለው አዩት። «ታውቀው የለም እንዴ» ብለው ወጡ።

አንድ ጃክ ይባል እንጂ እሱ ጋ ለመድረስ ሚክሰሩን መዘርገፍ ግድ ነው። አባቴ ላዩ ላይ ያሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ ነቀለ፤ የጃኮቹን ብሎን ሁሉ ፈታ፤ ክዳኑ ሲነሳ አረንጓዴው ቦርድ ታየ። አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር እያየ «አሃ» አለ። የአባቴን «አሃ» አውቃለሁ፤ ሕመሙን አገኘ ማለት ነው። «ሂጂ ምሳዬን አምጪልኝ» አለኝ።

ምሳ ዕቃውን ይዤ ስመለስ ሱቁ ውስጥ የቀለጠ ሊድ ይሸታል፤ መበየጃውም ገና ትኩስ ነው። አባቴ ግን ሥራ ላይ አልነበረም። እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝናቡን ያያል።

«አባ፣ ሠራኸው?»

«ቁጭ በይና ብዪ» አለኝ። ሚክሰሩ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አደረገበትና፣ «ይሄን ማንም አይንካው። አንቺም ብትሆኚ» አለ።

እሑድ ደረሰ፤ ሚክሰሩ አልደረሰም። «አልጨረስኩም» አላቸው አባቴ። ወንጌላዊ እውነቱ፣ ለሁለቱም ወገን የሚሰብከው ቀጭን ሰው፣ በዚያ በሚንጫጫ ቆርቆሮ ሥር ያለ ማይክ ሁለት ጊዜ መስበክ እንደማይችል ተናገረ። «ጉሮሮዬ የአንድ ሰው ነው፤ እስኪሠራ አንድ ላይ ሆናችሁ ስሙኝ» አለ። ለአንድ እሑድ ብቻ ተብሎ በነባሩ አዳራሽ ሊሰበሰቡ ተስማሙ።

እንዴት ያለ እሑድ ነበር! ወንጌላዊው አፉን ሲከፍት ዝናቡም ጣሪያው ላይ ከፈተ። ከኋላ ያለው ሰው ምንም አልሰማ ሲል ወንበሩን እየጎተተ ወደ ፊት ተጠጋ። አስተርጓሚው ድምፁ ስላልደረሰ፣ «ሁለቱንም ቋንቋ የምትሰሙ፣ በማይሰሙት መሀል ተቀመጡ» ተባለ። ሰው ተነስቶ ቦታ ተቀያየረ። በወገን በወገን ሆኖ የተቀመጠው ሁሉ እንደ ካርታ ተበወዘ። ጋሽ ሶያማ አዴ ሚንሃ ከሚባሉ የኦሮሞ አሮጊት አጠገብ ደረሳቸው። አዴ ሚንሃ አማርኛ አይሰሙም፤ የጋሽ ሶያማ ኦሮምኛ ደግሞ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ከመከራከር አያልፍም። ወንጌላዊው ስለ ጸጋ ሲሰብክ ጋሽ ሶያማ ቃሉ ጠፋባቸው። ግራ ቀኝ አይተው ወደ አሮጊቷ ጆሮ ጎንበስ አሉና፣ «ቶላ!» አሉ። «ዋቀዮ... ሁሉንም ቶላ!» በገበያ ቋንቋቸው፣ እግዚአብሔር ሁሉንም በነጻ ይሰጣል ማለታቸው ነው። አዴ ሚንሃ በሳቅ ፈርሰው ጉልበታቸውን ያዙ። ከዚያ ሳቁ እንባ ሆነ። የጋሽ ሶያማን እጅ ስመው፣ «ቶላ፣ ቶላ» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

መዝሙሩም ያለ ኪቦርድ ሆነ። ዜማው አንድ ነው፤ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ እየዘመረ ከዝናቡ ጋር ይፎካከራል። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ስትዘምር አየኋት። እኔ ግን አፍሬ መሬት ገብቼ ነበር። ሰው ሁሉ እንዲህ የሚጮኸው አባቴ አንዲት ጃክ መሥራት ስላቃተው ነው ብዬ ነዋ!

ያ «ለአንድ እሑድ ብቻ» የተባለው ሁለተኛም ሦስተኛም እሑድ ሆነ። ሐምሌ ገፋ። አባቴ ጋሽ ሶያማ በመጡ ቁጥር «አልጨረስኩም» ይላል፤ ሚክሰሩም ጨርቁ ሥር ይተኛል። ቡራዩ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬው ከባጃጅ ይፈጥናል። አንዷ ጎረቤታችን ቴሌቪዥኗን ሱቅ ደጃፍ ድረስ አምጥታ፣ «አንድ ጃክ ወር የፈጀበት ሰው የእኔን ስንት ዓመት ሊያቆየው ነው?» ብላ ይዛው ተመለሰች። አባቴ ሰምቷል። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው።

ቤትም ሰላም አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ አጥፌ ስጨርስ፣ በመጋረጃው በኩል ሲጨቃጨቁ ሰማኋቸው። ዝናቡ ቃሉን እየቆረጠ ነው የሚያደርሰኝ።

«እስከ መቼ ትደብቀዋለህ?» ትላለች እናቴ።

አባቴ የሆነ ነገር አጉተመተመ።

«ስምህስ? ይህን ሁሉ ዓመት የለፋህበት ስም?»

«ዝም አይነቅዝም፣ ገኒ።»

«እግዚአብሔር ፊት ምን ትላለህ?»

«እሱን እኔና እሱ እንጨርሰዋለን።»

ከዚህ ምን ልረዳ? አንድ ጃክ ያቃተው የአባቴ እጆች ቢታመሙ ነው፣ እሱም ሕመሙን ደብቋል፣ እናቴ ደርሳበታለች። በማግሥቱ ሱቅ ውስጥ እጆቹን ሳይ ዋልኩ። አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር አለ። ሻይ ሲያነሳ ትንሽ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። የሕፃናት ፕሮግራም ላይ «የጸሎት ርዕስ ያለው» ሲባል እጄን አውጥቼ፣ «ለአባቴ እጆች ጸልዩልኝ» አልኩ። መምህሯ አቅፋኝ አለቀሰች። እሷም ነገሩን ለሌላ ሰው ሳትናገር አልቀረችም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዎች አባቴን ሲጨብጡት እጁን በስስት እንደ እንቁላል ይይዙት ነበር። ምስኪን አባቴ ምን እንደገጠማቸው ሳይገባው ክረምቱ አለቀ።

ጸሎት ብቻ ግን አላስቻለኝም። ከመንገዱ የፍተሻ ኬላ በታች ወንዲ የሚባል ሌላ ጠጋኝ ነበር። ወጣት ነው፤ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ፣ ሱቁ በር ላይ የማርያም ሥዕል፣ ከሥዕሉ በታች ደግሞ ሙዚቃ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያንባርቅ ስፒከር። ከአባቴ ጋር ሰላምታቸው ጥሩ ነው፤ ደንበኛ ግን ይሻማሉ። ሮጬ ሄድኩ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቴ።

«ወንዲ፣ አባቴን እርዳልኝ። ግን እኔ ነኝ የጠራሁህ እንዳትል።»

ሙዚቃውን ቀነሰ። «ማንን? ጋሽ ጋሮማን? እኔ?» ሳቀ። «አቦ ተይ እንጂ ሳምሪ፣ እኔ ገና ሱሪ ሳልታጠቅ እሱ ቴፕ ይፈታ ነበር።»

«ጃክ አቃተው። እጁን አሞታል።»

ሳቁን አቆመ። የመስመር መፈተሻ ቴስተሩን ኪሱ ከቶ ጃንጥላ ያዘና ተከተለኝ።

እድሌ ሆኖ ስንደርስ ጋሽ ሶያማ ሱቅ ውስጥ ቆመዋል፤ ፊታቸው አልተፈታም። ወንዲ፣ «አካም ጅርቱ፣ ጋሽዬ! በዚህ በኩል ሳልፍ ሚክሰሩን ልየው ብዬ ነው» አለ። አባቴ እኔን አየኝ፤ እግሬን አየ፤ ጭቃውን አየ። ሁሉም ገባው። ግን ጋሽ ሶያማ፣ «ጎሽ! ይየው፤ ሁለት ራስ ይሻላል» ስላሉ እምቢ ማለት አልቻለም። ጨርቁን ራሱ አነሳ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ወንዲ ጎንበስ ብሎ ቦርዱን አየ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ጃኩ ላይ፣ ሌላውን ቦርዱ ላይ አደረገ። ጢጥ አለ። ጃኩን በጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ ደገመው። ጢጥ። ሌላ ቦታ ላይ ሞከረ። ጢጥ። በጮኸ ቁጥር የብልሽቱ ጩኸት ይመስለኛል። ወንዲ ቀና ብሎ አባቴን አየው። አባቴም አየው። ከዚያ ወንዲ ጋሽ ሶያማን አየ፣ እኔንም አየኝ፣ ቴስተሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«ኧረ ይሄማ ሌላ ጉድ ነው!» አለ። «ጃኩ ብቻ መስሏችሁ ነው እንዴ? ቦርዱ ራሱ... አይ፣ እውነቱን ልንገርዎት ጋሽዬ፣ እኔ አልነካውም። ከነካሁት ጭራሽ እገለዋለሁ። ጋሽ ጋሮማ ስለሆነ ነው ይዞት የቆየው።»

ጋሽ ሶያማ ተንፍሰው ወጡ። ወንዲም ሊወጣ ሲል ራሴን ዳበስ አድርጎ፣ «አባትሽ ጀግና ነው፤ እጁ ደህና ነው» አለኝ። ደስታዬ! ወንዲን ያቃተው ነገር ከሆነ እንግዲህ አባቴ አላፈረም ማለት ነው። ሚክሰሩ ነው ክፉ።

የቴስተር ጢጥታ መስመሩ ተገናኝቷል፣ ዕቃው ደህና ነው ማለት እንደሆነ ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኤሌክትሪካል ስማር ነው። ላብራቶሪ ውስጥ፣ የመጀመሪያው ቀን፣ ያ ድምፅ ጆሮዬ ሲገባ መምህሩ የሚለውን መስማት አቆምኩ። ለእረፍት ስመለስ በቀጥታ ወንዲ ጋ ሄድኩ። አሁን ሱቁ ሰፍቷል፤ ሆዱም።

«ተሠርቶ ነበር?»

«ምን የመሰለ ሥራ!» አለ፣ ዓይኑ እየበራ። «የፋብሪካው ብየዳ ያፍርበታል። አንዷን አይደለም፣ ነገ የሚሰነጠቁትን ሁሉ አስቀድሞ አጠንክሯቸዋል። እንዲህ የሠራ ሰው አላለቀም ካለ ምክንያት አለው አልኩ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። አሁንም አልጠየቅኩትም።»

«ያንተስ ስም? ደንበኛ አልሸሸህም?»

«ሸሸኝ እንጂ! ሁለት ቸርች ስፒከራቸውን ወሰዱብኝ» ብሎ እንደ ቀልድ አወራው። «ምን ይደረግ፣ አባትሽ ያን ቀን እንዴት እንዳየኝ አላየሽም።»

ሚክሰሩ መስከረም ሲጠባ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ይዘውት የመጡት ጋሽ ሶያማ ናቸው፤ ሰው ሁሉ መርካቶ አሠርተውት ነው አለ፤ አባቴም አላረመም። መጋዘኑን ሌላ ሰው ተከራየው። የወጣ አንድም ሰው አልነበረም። ዛሬም በዚያች ቸርች ሁለቱን ቋንቋ የሚሰማ ሰው በማይሰሙት መሀል ይቀመጣል፤ አሁን ባለብዙ ማይክ ሆነውም ልማዱ አልቀረም። አባቴን ግን ከዚያ ወዲህ ሚክሰር ያስነካው የለም። ሬዲዮና ስልክ ይመጣለታል፤ ሚክሰርና አምፕሊፋየር በደጃፉ አልፎ ወደ ኬላው ይወርዳል። ሲያልፍ ቀና ብሎ ያየዋል። ሥራውን የሚወድ ሰው ያን ማየት ምን ያህል እንደሚያመው አሁን እኔም በሙያው ስላለሁ አውቀዋለሁ፤ እንደሱ የምችለው ግን አይመስለኝም።

እሱ ለማንም ትንፍሽ አላለም። የቀረውን የነገሩኝ ጋሽ ሶያማ ናቸው። አምና ሊያገባኝ የፈለገው ሰው እሳቸውን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። እናቴን ድረው እኔን ደግሞ ለመጠየቅ ሲመጡ፣ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ቀደም ብለው ደረሱና በረንዳ ላይ ብቻችንን ተቀመጥን።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አሉኝ፣ ታግሠው ታግሠው ሚክሰሩን እንዳለ መርካቶ ሊወስዱት ወደ ሱቅ መጡ። ቀኑን አስታውሰዋለሁ፤ እኔን አምቦ ውሃ እንዳመጣ የላኩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ስወጣ አባቴ ጨርቁን ገለጠ። ሚክሰሩ ክዳኑም ቁልፎቹም ተገጥመው አልቋል፤ ውሸቱ ከብዶት ያን ጠዋት ገጥሞት ነበር። ማይኩን ያ ጃክ ላይ ሰክቶ፣ «አንድ፣ ሁለት» አለ። ድምፁ ሱቁን ሞላው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉት።

«ያመጡልኝ ቀን፣ ምሳዬን ሳልበላ ነው የጨረስኩት» አለ አባቴ። «ይህን ከሰጠሁዎት እሑድ ገነትን ይዘዋት ይሄዳሉ፣ ልጄም መሀል መንገድ ላይ ትቀራለች ብዬ ነው። እጄ እሺ አላለኝም። ዋሽቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ይኸው ይውሰዱት።»

ጋሽ ሶያማ ማይኩን ከጃኩ ነቀሉት። ከዚያ፣ «ሌላ ማን ያውቃል?» ብለው ጠየቁ።

«ገነት ታውቃለች። ወንዲም ያወቀ ይመስለኛል።»

«እኛን ለማስታረቅ ኦርቶዶክሱ ዋሸልን በለኛ!» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። ሲበቃቸው ፊታቸውን በመሐረብ ጠርገው ወደ አባቴ ተጠጉ። «ስማኝ። ግማሾቻችን ልባችን ተመልሷል። እኔ ራሴ አዴ ሚንሃን ትቼ የት እሄዳለሁ? ግማሾቹ ግን ገና ያመነታሉ። ዛሬ ተሠራ ካልኩ ነገ ተነስተው ይወጣሉ። በል መልሰህ ፍታው።»

«ጋሽ ሶያማ...»

«ፍታው አልኩህ! መፍቻውንም ለእኔ ስጠኝ።»

እኔ አምቦ ውሃውን ታቅፌ ስገባ ያየሁት ይህን ነው፤ አባቴና ጋሽ ሶያማ ግንባር ለግንባር ተደፍተው ከሚክሰሩ ጋር ይታገላሉ። ግማሾቹ ቁልፎች ቦታቸው ላይ ናቸው፣ ግማሾቹ ወልቀው ጠረጴዛው ላይ ተበትነዋል። የሁለቱም ዓይን ቀልቷል።

«ተሠራ?» አልኩ።

«አልተሠራም፣ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ሶያማ፣ ቀና ሳይሉ። «አባትሽ ይሄን ነገር ከየት ይችለዋል!»

ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረግኳቸው። ክረምቱን ሙሉ የዋጥኩት ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። «እንግዲያው እርስዎ ይሥሩታ! ሁልጊዜ መጥተው ከሚቆጡት እርስዎ ይሥሩታ!» ብዬ ጮህኩ፤ እንባዬም ወረደ።

«ሳምሪ!» አለ አባቴ።

ጋሽ ሶያማ እጃቸውን አንስተው ከለከሉት። ከዚያ የለስላሳ ሣጥኔን ጎትተው በመሀላቸው አደረጉና፣ «ልክ ናት። ነይ፣ ቁጭ በዪ፤ አብረን እንሥራው» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። አባቴ እጄን ይዞ አንዱ ቁልፍ ላይ አደረገልኝና፣ እንዳይሰበር በቀስታ ወደ ላይ እንዴት እንደሚሳብ አሳየኝ። እጁ ጠንካራና ሙቅ ነበር፤ ምንም አይንቀጠቀጥም። አፍንጫዬን እየሳብኩ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ ሁለቱ ደግሞ ከግራና ከቀኝ ብሎኑን ይፈቱ ነበር። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል።

እኔ እየጠገንን መስሎኝ ነበር።